ለጡት ልጅ ያልተሠራ ሣጥን

እኛ ሰፈር የጎረቤት ለቅሶ አርባ ደቂቃ ነው። ልጅ ከሆንክ ሦስት ቀን፣ የእህት ልጅ ከሆንክ አንድ ቀን፣ ጎረቤት ከሆንክ አርባ ደቂቃ። ድንኳኑ በር ላይ የቆመው ዘንግ ፊትህን አይቶ ወንበርህን ይነግርሃል። ጊዜህ ሲሞላ ወንበሩ ከሥርህ ቀስ ብሎ ይንቀጠቀጣል፣ ተነሥተህ ትወጣለህ። ማንም ቅር አይለውም። ደሴ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በታች የሆነ ሰው ሌላ ዓይነት ለቅሶ አያውቅም።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ከሳሿም ተከሳሿም እኔው ነኝ።

ኤልዳና ደረጀ እባላለሁ፤ ስድሳ ዓመቴ ነው። በልጅነቴ ዘመናዊ የነበረው ስሜ ዛሬ የአሮጊት ስም ሆኗል፤ ምን ይደረግ! ከመዝገብ መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጣሁ አዛማጅ ነኝ። አዛማጅ ምን እንደሚሠራ የዛሬ ልጆች አያውቁም፤ ልንገራችሁ፣ አላሰለቻችሁም።

የድሮው የሕዝብ መዝገብ ጄሰን በሚባል ጽሑፍ ነበር የተቀመጠው። ቅንፍ ይከፈታል፣ ስም ይጻፋል፣ ከስሙ ትይዩ መልስ ይጻፋል። መልሱ ራሱ ሌላ ቅንፍ ሊሆን ይችላል፣ በዚያ ውስጥ ደግሞ ሌላ። የቀበሌ ጸሐፊ ያሻውን ስም ፈጥሮ መጻፍ ይችል ነበር፤ ጽሑፉ ሁሉን ይችላል። አዲሱ መዝገብ ግን ኦብጀክት ነው የሚፈልገው። ቅርጹ አስቀድሞ የተወሰነ ሣጥን በሉት። «ሰው» በሚባለው ሣጥን ውስጥ «እናት» የሚባል ሣጥን አለ፤ በእናት ውስጥ ልጆቿ ተደርድረዋል፣ የራሷም እናት አለች፤ በዚያች ውስጥ ደግሞ ሌሎች። የእኔ ሥራ የድሮውን ጽሑፍ እያነበበ እያንዳንዱን መልስ በየሣጥኑ የሚከት ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ሣጥኖቹንም የሠራነው እኛው ነን። «እናት» የሚለውን አንድ ሰው ብቻ እንዲይዝ አድርጌ ስሠራው ቢሮው ውስጥ ማንም አልተቃወመኝም። እናት አንድ ናት፣ ማን ይከራከራል?

ዛሬ በር፣ አውቶቡስ፣ ሐኪም ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ሁሉም የሚጠይቀው ያንን ሣጥን ነው። ማን ማንን ሊጠይቅ እንደሚችል፣ ማን ለማን እንደሚፈርም፣ ማን ማንን አጥቦ እንደሚገንዝ የሚያውቀው እሱ ነው።

አሁን ወደ እታለም ልምጣ።

እታለም የምላት ወይዘሮ ዘምዘም ይማምን ነው። ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሆጤ ውስጥ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፣ እሷ በላይኛው ቤት እኔ በታችኛው። ጠዋት በሯን ስትከፍት በሩ፣ «እንደምን አደሩ ወይዘሮ ዘምዘም። ቤትዎ ውስጥ አንድ ሰው አለ» ይላታል። ይህን የሚላት እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ ነው።

«ሁለት ነን፣ ዓይንህ ይጥፋ!» ትለዋለች።

ሃያ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ እንዲህ ነበር። ዳቦውም በመዝገብ ስለሚታደል ለእሷ አንድ፣ ለእኔ አንድ በየደጃችን ይመጣል። የሷን ለሁለት ትቆርሰዋለች፣ የእኔን ለጎረቤት ድመት ታበላለች። «የመንግሥት ዳቦ ሁለት ሆነን እንድንበላ ካልፈቀደ፣ ድመቷ ትብላው» ትላለች።

የወለደችኝ ትርንጎ ትባላለች። ሦስት ዓመቴ ላይ ወንድሜን ናሆምን ወልዳ በሦስተኛው ቀን አረፈች። ናሆም በተወለደ በዘጠነኛው ቀን ተከተላት። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ወደ ሚሌ ወጥቶ በዚያው ቀረ። እታለም ያኔ ጎረቤታችን ነበረች፤ እሷ ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን፣ ይህ በኛ ግቢ ለጠብም ለወሬም በቅቶ አያውቅም። ሽማግሌዎች አስጠራች። አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነከረችና አጠባችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ኤልዳና የጡት ልጄ ናት» አለች። ሦስት ሰዎች መሰከሩ። ከመካከላቸው አንዱ የቀበሌ ጸሐፊ ስለነበር ቢሮው ሄዶ በእታለም መዝገብ ውስጥ ቅንፍ ከፈተና «የጡት ልጅ» የሚል ስም ፈጥሮ ከትይዩው ስሜን ጻፈ። ማንም አላዘዘውም፤ እውነት ስለሆነ ጻፈው።

የማሩ ጣዕም ትዝ ይለኛል ብል ውሸት ነው። ጣቷ ግን ትዝ ይለኛል፤ ትልቅ ነበር፣ አፌን ሞልቶት ነበር።

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት በሩ ሰላምታውን ከጨረሰ በኋላ ዝም አላለም።

«ወይዘሮ ዘምዘም ይማም፦ ሰማንያ አምስት ዓመት ያለፈዎ በመሆኑና በመዝገብዎ ውስጥ ልጅ ስለሌለ፣ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ሐይቅ ዳር ወደሚገኘው የዕረፍት መንደር ይዛወራሉ። መልካም ዕረፍት።»

እታለም ወደ እኔ ዞረች። «ምንድን ነው የሚለው ይሄ?»

አወቅኩት። ገና ቃሉን ሳይጨርስ ከየት እንደመጣ አወቅኩት።

ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ጳጉሜ ሦስት ቀን ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። ማዛመዱ መስከረም አንድ ላይ ማለቅ አለበት ተብሎ ሁላችንም ዓይናችን ቀልቷል። ፕሮግራሜ ሦስት መቶ ሺህ መዝገብ እንደ ውኃ ሲያፈስ ቆይቶ ድንገት ቀጥ አለ። «የማይታወቅ ስም፦ የጡት ልጅ» ይላል። ጽሑፉን ከፍቼ አየሁት። የማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዘምዘም ይማም። ከስሟ ሥር የእኔ ስም።

አለቃዬ ኪሩቤል ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ጥሩ ሰው ነበር፣ እንቅልፍ ያጣ ጥሩ ሰው።

«ምንድን ነው ያቆመው?»

«የጡት ልጅ የሚል ስም አለ። በሣጥናችን ውስጥ ቦታ የለውም።»

«ሣጥኖቹ አንዴ ጸድቀዋል፤ ቦታ ለመጨመር አዲስ አበባ መጻፍ አለብን፤ ሁለት ወር ይፈጃል። ጻፊ ካልሽኝ እጽፋለሁ።» ትንሽ አሰበና፣ «የማን መዝገብ ነው ለመሆኑ?» አለኝ።

እዚህ ላይ እናቴ ናት ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። ግን ገና በዚያ ዓመት ነበር የተሾምኩት። ለራሷ ጉዳይ አገር አስቆመች እንዳይሉኝ ፈራሁ፤ እውነቱን ልናገር ከተባለ ደግሞ፣ በማር ጣት ጠብቼ አደግሁ ማለት እዚያ ቢሮ ውስጥ አሳፈረኝ።

«የአንዲት ሴትዮ ነው» አልኩት።

አፈር ልብላ!

«እንግዲያው አሳልፊው» አለ፤ ሄደ።

አንድ መስመር ጻፍኩ። ወደ ሰው ቋንቋ ሲመለስ «የማታውቀው ስም ካጋጠመህ ዝም ብለህ እለፈው» ማለት ነው። ስህተት አይናገርም፣ አይቆምም፣ የጣለውን አይመዘግብም። ፕሮግራሙ እንደገና መፍሰስ ጀመረ፤ እኔም እፎይ አልኩ። በኋላ የድሮውን ጽሑፍ ከፍቼ ስቆጥረው ያ መስመር ከአርባ ሺህ በላይ ስሞች አልፎ ነበር። «አሳዳጊ» የሚል፣ «የክርስትና ልጅ» የሚል፣ «አብሮ አደግ» የሚል። ደቡብ ወሎ ውስጥ ጸሐፊዎች የጻፉት ዝምድና ሁሉ በአንድ ከሰዓት ሜዳ ላይ ቀረ። መስከረም ሁለት ቀን የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፤ እታለም በመስታወት አድርጋ ሳሎኗ ውስጥ ሰቀለችው።

ያ ጥሬው የድሮ ጽሑፍ ደግሞ ወዲያው አልተደመሰሰም። ሰባት ዓመት ተቀምጦ ነበር። ሰባት ዓመት! በየዓመቱ «ዘንድሮ አስተካክለዋለሁ» እላለሁ፤ ዘንድሮ ሲያልፍ ለከርሞ። ቁልፉ በእጄ ነበር፣ አንድ ሣምንት የሚፈጅ ሥራ ነበር። በስምንተኛው ዓመት አንድ ማለዳ ቢሮ ስገባ የለም፣ ቦታ አጣበበ ተብሎ ጠርገውታል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

በሩ ያንን በተናገረ በማግሥቱ የድሮ መሥሪያ ቤቴ ሄድኩ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው ሐያት የምትባል ልጅ ናት፤ ታውቀኛለች፣ አክብራ ተነሣችልኝ።

«እትዬ ኤልዳና፣ ምን ልርዳዎት?»

ነገርኳት። ሁሉንም አልነገርኳትም፤ የዚያችን መስመር ነገር ዘለልኩት። ቀኑን ሙሉ ፈለገች። አዲስ ጉዲፈቻ ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ አይፈቀድም። ምስክር ቢገኝ ይቻል ነበር፤ ሦስቱም ሞተዋል። በመጨረሻ አንድ ቀዳዳ አገኘች።

«እናት የሚለውን መቀየር ይቻላል» አለች። «ማለቴ፣ የሞተች እናት ከሆነች በሕይወት ባለች መተካት ይፈቀዳል። የሁለታችሁም የጣት አሻራ ያስፈልጋል። ከዚያ ወይዘሮ ዘምዘም ልጅ አላቸው ማለት ነው፤ የትም አይሄዱም።»

ደስ ብሎኝ ልስማት ተነሣሁ። እሷ ግን ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ቀረ።

«ግን እትዬ… ከእናትዎ ጋር አብሮ የሚወጣ አለ። ያንብቡት።»

አነበብኩት። ሣጥን ሲወጣ በውስጡ ያለው ሁሉ ይወጣል፤ እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ማን ሊነግረኝ! የሚወገዱ፦ ትርንጎ፣ የትርንጎ እናት፣ የትርንጎ መቃብር ቁጥር። ከሁሉ በታች፦ ናሆም ደረጀ፣ ዕድሜ ዘጠኝ ቀን። አባቴ ሳይመዘገብ ስለቀረ ናሆም በሌላ በማንም ውስጥ የለም። ፎቶ የለውም፤ አልተጠመቀም፣ አርባ ቀን አልሞላውምና። ዓለም ላይ ያለው ያች አንዲት መስመር ናት።

«ያጸድቁታል?» አለችኝ ሐያት በቀስታ።

«አዎ» አልኳት። ጣቴን አስቀመጥኩ፤ የእታለም ጣት ብቻ ቀረ።

ወደ ቤት ስመለስ እታለም የአስር ሶላቷን ሰግዳ ምንጣፏ ላይ እንደተቀመጠች ነበር። ከፊቷ ቁጭ አልኩና መፍትሔ መገኘቱን ነገርኳት፤ ነገ ሄደሽ ጣትሽን ማስቀመጥ ብቻ ነው አልኳት። የናሆምን ነገር አላነሣሁም። እሷ ግን ሞኝ አይደለችም።

«ትርንጎ ወጥታ እኔ እገባለሁ። ሕፃኑስ?»

የነገውን አውቶቡስ ሰዓት ነገርኳት።

«አንቺ ልጅ፣ ሕፃኑስ ነው የምልሽ?»

«እሱም ይወጣል።» ድምፄ ከፍ አለ። «ሞቷል እኮ እታለም! ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው ከሞተ! አንቺ በሕይወት አለሽ!»

«መሞቱን ለኔ ትነግሪኛለሽ? እዚህ ነው የሞተው።» ጭኗን መታች። «ስድስት ሌሊት በማንኪያ ወተት እየሰጠሁት። ማን ያውቀዋል ከእኔ በስተቀር? እኔ ነገ ስሄድ ማን ነበረ ይለዋል?»

ያኔ ነው የፈነዳሁት። እሷን ለማሳመን ይሁን ራሴን ለመቅጣት እንጃ፤ ብቻ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ጳጉሜ ሦስትን፣ ኪሩቤልን፣ መስመሯን፣ ሰባቱን ዓመት። ይህ ሁሉ የመጣው በእኔ ነው፣ ስለዚህ እኔ ላስተካክለው፣ እባክሽ አልኳት። እግሯ ላይ ወደቅኩ።

መቁጠሪያዋ ቆመ።

«‹አንዲት ሴትዮ› አልሽኝ?»

«አዎ።»

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ያለውን የምስክር ወረቀቴን አየችው፣ ከዚያ እኔን።

«እሺ» አለች። «ዛሬ ደግሞ ትርንጎን ‹አንዲት ሴትዮ› ልትያት ነው?»

እሷ እጄን ይዛ አስነሣችኝና፣ «አብሽሪ፣ ፊትሽን ታጠቢ» አለችኝ። ሌላ ምንም አልተነጋገርንም፤ እኔ ነገ አባብላታለሁ ብዬ ተኛሁ።

በማግሥቱ ሻይ ልጠጣ ስወጣ አልነበረችም። የእታለም በር፣ «ቤቱ ውስጥ ሰው የለም» አለ፤ እኔ መሃል ሳሎኑ ላይ ቆሜ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በአውቶቡስ ተመለሰች። ያንን የሐር ሻሿን አድርጋለች፣ ለኢድ ብቻ የምታወጣውን። አውራ ጣቷን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።

«ፈርሜ መጣሁ።»

«እናትነቱን?» አልኳት።

«የመንደሩን። በፈቃዴ እሄዳለሁ ብዬ ፈረምኩ፤ ያች የመዝገብ ቤቷ ልጅ አልቅሳ ልትሞት ነበር፣ ምስኪን።» ነጠላዋን አስተካከለች። «በፈቃድ የፈረመ አይመለስም አሉኝ። ጥሩ ነው አልኳቸው፤ የእኔዋ ልጅ ሌላ ነገር እንዳትሞክር።»

ጮህኩባት። ሳትጠይቂኝ እንዴት አልኳት። እዚህ የማልጽፈው ብዙ ቃልም ጨምሬበታለሁ። እሷ ዳቦውን ለሁለት ቆረሰችና ግማሹን እጄ ላይ አስቀመጠች።

«እኔ አፍ አለኝ» አለች። «ልጄ ናት እያልኩ ለሚሰማኝ ሁሉ እናገራለሁ። ያ ሕፃን ምን አለው?»

በአራተኛው ቀን መኪናው መጣ። ሻንጣዋ አንድ ነበር። የምስክር ወረቀቴን ከነመስታወቱ ይዛው ሄደች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፣ ፈራሁ።

የሐይቁ መንደር ንጹሕ ነው፤ መዋሸት አልፈልግም። ዛፍ አለ፣ ነጫጭ ቤቶች አሉ፣ ከአጥሩ ማዶ ውኃው ይታያል። ልጅ የሌላቸው ሰዎች ናቸው የሚኖሩበት። የወንድም ልጅ በወር ሁለት ሰዓት ይጠይቃል፣ የአጎት ልጅ አንድ ሰዓት። የመጀመሪያው ዓርብ በአውቶቡስ ሄድኩ። አንድ ትንሽ ብልቃጥ ማር ይዣለሁ፤ ከዚያ በላይ ምን ልያዝ?

በሩ ፊቴን አየ። «ማንን ይጠይቃሉ?»

«ወይዘሮ ዘምዘም ይማምን።»

«ምናቸው ነዎት?»

መንገዱን ሙሉ ያሰብኩበት ነበር። ጎረቤት ብል አርባ ደቂቃም ቢሆን ይሰጠኝ ይሆናል ብዬ ነበር። አፌን ስከፍት ግን ሌላ ወጣ፤ ለኪሩቤል ያልነገርኩት ወጣ።

«የጡት ልጇ ነኝ።»

አይቻልም አላለኝም። ስህተት ነው አላለኝም። ቀይ መብራት እንኳ አላበራም። በዚያው በትሁት ድምፁ «ቀጥሎ» አለ።

ሥራዬን አወቅኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም፤ ያች መስመር እስከ ዛሬ ትሠራለች።

ከኋላዬ አንድ ወጣት ቆሟል፤ በፌስታል ብርቱካን ይዟል፣ አጎቱን ሊጠይቅ የመጣ። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ተሳቀቀ።

«እርስዎ እኮ ይቀድማሉ፣ እናቴ።»

«እለፍ ልጄ፣ እኔን አያውቀኝም» አልኩት። ብልቃጡን ሰጠሁት። «ይቺን ብቻ አድርስልኝ። ቤት ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ዘምዘም ይማም።»

«እሺ፣ ችግር የለም።» ብልቃጡን ከብርቱካኑ ጋር ከተተና ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞረ። «ከማን ልበላቸው?»

«ከልጅሽ በላት።»

ልጁ በሩን አየ፣ እኔን አየ። ክፋት የለውም፤ ግራ ገብቶት ነው።

«ልጅ ካላቸው» አለኝ፣ «እዚህ ምን ያደርጋሉ?»